ደላላ ቤት ያሳይ እንጂ ባንክ አይውሰደን

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ቲቸር፣ ቤት ልገዛ ነው። ቤቱን ያሳየኝ ደላላ የባንክ ብድሩንም እኔ አስጨርስልሃለሁ፣ ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ ይላል። የሚጠይቀው ከብድሩ ሁለት በመቶ ነው። ልስጠው?»

መልሱን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ቀጥዬ ልጻፍ። አትስጠው። አትስጪው። የቤቱን ኮሚሽን በስምምነታችሁ መሠረት ክፈሉ፣ የላቡ ዋጋ ነው። ብድር ለማስጨረስ ብሎ ለሚጠይቃችሁ ግን አንድ ብር አትስጡ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቤት ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ ሻያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኔ የደላላ ጠላት አይደለሁም። በዚህ ሰፈር «ደላላ አገር አጠፋ» ብሎ መጻፍ ላይክ ያስገኛል፤ ግን እውነት አይደለም። አዲስ አበባን የሚያክል ከተማ ውስጥ ሰሚት የትኛው ብሎክ ላይ ባለ ሁለት መኝታ እንደሚሸጥ፣ ጀሞ ላይ ማን ወደ ውጭ ሊሄድ ተቻኩሎ ቤቱን እንዳወጣ፣ የካ አባዶ ላይ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ የሚያውቀው ደላላው ነው። በእግሩ ዞሮ፣ ጥበቃውን ለምኖ፣ ፀሐይና ዝናብ ተቀብሎ ያገኘው እውቀት ነው። በከተማችን ልማድ ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ ይጠየቃል። ይበዛል ያነሰ የራሱ ክርክር ነው፤ ተደራድሮ መቀነስም ይቻላል። ሥራ ግን ሠርቷል።

የኔ ጠብ ከዚያ በኋላ ካለው ጋር ነው። ቤቱን ያሳየው ሰው በዚያው ጉልበት ውል አርቃቂ ይሆናል። ሰነድ አጣሪ ይሆናል። ገማች ይሆናል። አሁን ደግሞ ብድር አስጨራሽ ሆነ። አንድ ሰው አራት ኮፍያ አድርጎ ከፊታችሁ ሲቆም መጠየቅ ያለባችሁ «ይችላል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አይደለም። «የሚከፈለው መቼ ነው?» ብላችሁም ጠይቁ። ደላላ የሚከፈለው ውሉ ሲፈረም ነው። ውሉ ባይፈረም ይሻልሃል የሚል ምክር ከዚህ ሰው እንዴት ይጠበቃል? ክፉ ስለሆነ አይደለም እኮ፤ አከፋፈሉ ራሱ ይህን እንዲል አይፈቅድለትም።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። ያስተማርኳችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ሰሌዳ ላይ ሳልጽፍ አልከራከርም።

ቤቱ 5 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 3 ሚሊዮኑን በቁጠባ፣ በዕቁብ፣ በወንድም በእህት እገዛ ሰብስባችኋል። 2 ሚሊዮኑን ከባንክ ትበደራላችሁ። ለቤቱ ደላላ ሁለት በመቶ ብትከፍሉ 100 ሺህ ብር ነው። ለብድር አስጨራሹ ከብድሩ ሁለት በመቶ ስትሰጡ 40 ሺህ ብር ነው። በዚህ 40 ሺህ ብር ምን ገዛችሁ?

ባንክ ለቤት ብድር የሚጠይቀውን ቅርንጫፍ ሄዶ የጠየቀ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መታወቂያ። የገቢ ማስረጃ፣ ደመወዝተኛ ከሆናችሁ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ነጋዴ ከሆናችሁ ንግድ ፈቃድና የግብር ማስረጃ። የሒሳብ እንቅስቃሴ። የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ። የቤቱ ካርታ ቅጂና የሽያጭ ውል። ከዚያ ባንኩ የራሱን ኢንጂነር ልኮ ቤቱን ያስገምታል። ገቢያችሁን አይቶ ወርሃዊ ክፍያውን ትችሉ እንደሆነ ያሰላል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ደላላው በእናንተ ፋንታ የሚያደርገው የቱ ነው? ደብዳቤውን መሥሪያ ቤታችሁ ነው የሚሰጣችሁ። ያላገባ ማስረጃውን የምታወጡት ራሳችሁ ናችሁ። ግምቱን የባንኩ ኢንጂነር ነው የሚሠራው። የብድር ውሉ ላይ የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ዕዳውን ለ15 ዓመት የምትከፍሉትም እናንተ። እሱ አብሯችሁ ወንበር ላይ ይቀመጣል። የ40 ሺህ ብር ወንበር!

«ግን ሰው አለው እኮ» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ይህን ቃል ቁጭ ብለን እንየው። «ባንክ ውስጥ ሰው አለኝ» የሚል ሰው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሦስተኛ የለም። ወይ በእውነት ሰው አለው፣ ወይ የለውም።

ሰው ከሌለው፣ ገንዘባችሁን የሚወስደው ያለ እሱም ሊፈቀድ ለነበረ ብድር ነው። ዘዴው ቀላል ነው። አሥር ሰው «አስጨርስልሃለሁ» ይላል። ከአሥሩ ስድስቱ ገቢያቸው በቂ፣ ሰነዳቸው ንጹሕ ስለሆነ በራሳቸው ይፈቀድላቸዋል። ከስድስቱ ይሰበስባል። ለአራቱ «ሰውዬው ተዛወረብኝ» ይላል። ምንም ሳያደርግ የስድስት ሰው 40 ሺህ ብር ኪሱ ገባ። ስድስቱ ደግሞ «አስጨርሶልኛል፣ ጎበዝ ነው» ብለው ለጓደኛቸው ስልኩን ይሰጣሉ። ፈተና ራሱ ያለፈ ተማሪ «ያሳለፈኝ የገዛሁት ክታብ ነው» እንደሚለው ማለት ነው።

በእውነት ሰው ካለው ደግሞ የባሰ ነው። የምትከፍሉት ብር ከፊሉ ወደዚያ ሰው ይሄዳል ማለት ነው። ይህ ስሙ ጉቦ ነው። በሕጋችን ጉቦ የተቀበለ ብቻ አይደለም የሚጠየቀው፣ የሰጠም ይጠየቃል። ገቢያችሁ አልበቃ ሲል «ደመወዙን ከፍ አድርጎ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት አለ» ብሎ ሐሰተኛ ደብዳቤ ካመጣላችሁ፣ ማመልከቻው ላይ የፈረመው የእናንተ እጅ ነው። የእሱ ስም በዶሴው ውስጥ የትም የለም። እሱ ስልክ ቁጥር ይቀይራል፤ እናንተ ግን ቤታችሁን ባንክ ያውቀዋል። ይህ ሁሉ ቢያልፍ እንኳ ገቢያችሁ የማይችለውን ብድር ነው የተሸከማችሁት። ባንኩ «አትችልም» ሲላችሁ የነገራችሁ ሒሳብ ነበር። ሒሳብ በጉቦ አይቀየርም። ክፍያው ሲያቅታችሁ ቤቱ ሐራጅ ይወጣል።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ ያየውን ልንገራችሁ። ዘመዱ ነው። ለብድር አስጨራሽ አስቀድሞ ገንዘብ ሰጠ፤ ሁለት ወር «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ተባለ። በመጨረሻ በራሱ ባንክ ሄዶ ቢጠይቅ፣ የብድር ክፍሏ ልጅ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በዚህ ደመወዝ ይህን ያህል ብር እንደማይሰጥ፣ ባለቤቱ አብራ ብትበደር ግን እንደሚቻል ነገረችው። አምስት ደቂቃ፣ በነፃ። ሁለቱ ወር ካለፈ በኋላ ሻጩ ቤቱን ለሌላ ሸጦታል።

አሁን ወደ ትልቁ ቁጥር እንሂድ። ብድር አስጨራሹ የሚያስከፍላችሁ 40 ሺህ ብር ከሚያሳጣችሁ ጋር ሲነጻጸር ትንሹ ነው። ዋናው ኪሳራ የሚመጣው «እኔ የማውቀው ባንክ ይሄ ነው» ብሎ ወደ አንድ ባንክ ብቻ ሲወስዳችሁ ነው። ወለድ በየባንኩ ይለያያል። ለምሳሌ ያህል አንዱ 16 በመቶ፣ ሌላው 18 በመቶ ይላል እንበል። ሁለት በመቶ ልዩነት ሲሰማ ምንም አይመስልም፣ አይደል? 2 ሚሊዮን ብር በ15 ዓመት፣ በየወሩ እኩል እየተከፈለ፦

በ16 በመቶ ወርሃዊ ክፍያው 29,374 ብር ገደማ ነው።
በ18 በመቶ 32,208 ብር ገደማ ነው።

ልዩነቱ በወር 2,834 ብር ነው። በ180 ወር አባዙት፤ 510,120 ብር። ግማሽ ሚሊዮን! ሦስት ባንክ ዞሮ «ወለዳችሁ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሚሊዮን ብር ያወጣል። በሰዓት ይህን ያህል የሚከፈለው ሥራ እኔ አላውቅም። ይህን ዙረት ለሌላ ሰው አሳልፋችሁ ስትሰጡት፣ ያ ሰው የሚመርጠው ለእናንተ ርካሹን ነው ወይስ ለእሱ የሚመቸውን? ልብ በሉ፣ የብድሩ መጠን በጨመረ ቁጥር የእሱ ሁለት በመቶ ይጨምራል። «ሁለት ለምን ትበደራለህ፣ ሦስት እናድርገው፣ ዕቃም ትገዛበታለህ» ሲላችሁ ስለ ዕቃችሁ አስቦ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ከላይ ያለውን 29,374 በ180 አባዙት። 5,287,320 ብር ይመጣል። 2 ሚሊዮን ተበድራችሁ ከ5 ሚሊዮን በላይ ትመልሳላችሁ። ይህን ቁጥር ማንም ብድር አስጨራሽ ሲናገረው አልሰማሁም። አሥራ አንደኛ ክፍል «ይሄ ኮምፓውንድ ኢንተረስት የት ይጠቅመናል?» ስትሉኝ የነበራችሁ፣ ይኸውላችሁ።

አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ ወዳጆቼ ደግሞ ኮሜንት ላይ የምትጽፉትን ከወዲሁ አውቀዋለሁ። «እኛ ጋ እኮ የሞርጌጅ ብሮከር ያለ ነው፤ እኔም ቤቴን በእሱ ነው የገዛሁት።» እውነታችሁን ነው። ግን እናንተ የምታውቁት ሰውና እኛ ሰፈር ያለው ሰው በስም ብቻ ነው የሚመሳሰሉት። አሜሪካ ውስጥ ከ2008ቱ የቤት ብድር ቀውስ ወዲህ የወጡ ሕጎች አሉ። ብሮከሩ ፈቃድና የምዝገባ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ አስገብታችሁ ማንነቱን ታዩታላችሁ። ማመልከቻችሁን ከተቀበለ በኋላ በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ወለዱን፣ ወርሃዊ ክፍያውንና ወጪውን ሁሉ የሚያሳይ ወረቀት ይደርሳችኋል። በአንድ ብድር ላይ ከእናንተም ከአበዳሪውም መቀበል አይችልም፤ ከአንዱ ብቻ ነው። ብድሩ ውድ በሆነ ቁጥር ክፍያው እንዲጨምርለትም አይፈቀድም። ሕጉ ይህን የከለከለው ከመከልከሉ በፊት ይደረግ ስለነበረና ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ስላጣ ነው።

ስለዚህ «ብሮከር ጥሩ ነው» ብላችሁ ለእህታችሁ ለወንድማችሁ አገር ቤት ስትመክሩ፣ ብሮከሩን ብቻ እንጂ ሕጉን አልላካችሁላቸውም። ያለዚያ ሕግ ያ ሰው ምን እንደሚሆን ነው እዚህ የምናየው። ገንዘቡን የምትልኩት እናንተ ከሆናችሁ ደግሞ ነገሩ በቀጥታ ይመለከታችኋል።

ወደ ቀብድ ልምጣ። ብዙ ሰው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ደላላው ይጠራችኋል፤ «ሌላ ገዢ ከቦሌ እየመጣ ነው፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣል» ይላል። ትጥላላችሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ቀብድ የሚለው ግልጽ ነው። ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። አሁን እናንተ 300 ሺህ ብር ቀብድ ሰጥታችሁ ባንኩ ብድሩን ቢከለክላችሁስ? ቀሪውን መክፈል አልቻላችሁም። ሻጩ ምን በደለ? ቀብዱን ይዞ ይቀራል፤ ሕጉም ከጎኑ ነው።

መድኃኒቱ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። የቀብድ ውሉ ላይ «ገዢ ከባንክ የጠየቀው ብድር እስከዚህ ቀን ድረስ ካልተፈቀደ ቀብዱ ለገዢ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ። ሻጩ ሊከራከር ይችላል፣ መብቱ ነው፤ ቀኑን አሳጥሩለት፣ ተደራደሩ። ግን ልብ ብላችሁ ታዘቡ፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር «ይጻፍልኝ» ስትሉ መጀመሪያ ፊቱ የሚጠቁረው ሻጩ አይሆንም፣ ደላላው ነው። «ሰው ካልተማመነ ምን ይሠራል?» ይላችኋል። መተማመን ጥሩ ነው። በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ቀብዱንም በካርታው ላይ ስሙ ባለው ሰው ሒሳብ በባንክ አስገቡ። በደላላ እጅ የተሰጠ ቀብድ ቀብድ አይባልም፣ ስጦታ ነው።

ሌላው ምክራቸው «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» የሚለው ነው። ቤቱ 5 ሚሊዮን፣ ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን። «የቴምብሩን ታተርፋለህ» ይባላል። የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ ሁለት በመቶ ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ላይ የምታተርፉት 60 ሺህ ብር ይሆናል። ግብር ማጭበርበር መሆኑን ለጊዜው እንተወውና የራሳችሁን ጥቅም ብቻ እንይ። ነገ ሽያጩ በፍርድ ቤት ቢፈርስ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ስትሉ በእጃችሁ ያለው ማስረጃ የ2 ሚሊዮን ነው። 3 ሚሊዮኑ ነፋስ ሆነ። ከነገ ወዲያ እናንተ ቤቱን ስትሸጡትም ትርፋችሁ የሚሰላው ከተጻፈው ዋጋ ተነስቶ ነው፤ ሻጩ ያመለጠውን ለእናንተ አወረሰ ማለት ነው። ባንክ ልትበደሩ ከሆነ ደግሞ 2 ሚሊዮን በተጻፈበት ውል ላይ 2 ሚሊዮን ብድር መጠየቅ የማይገጥም ሒሳብ ነው። 60 ሺህ ለማትረፍ 3 ሚሊዮን በአየር ላይ የሚሰቅል ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ክፍል ውስጥ አጠገቤ ባይቀመጥ እመርጣለሁ።

የኮንዶሚኒየሙ ነገር የባሰ ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ለባለዕድሉ ከተላለፈ በኋላ አምስት ዓመት ሳይሞላው እንደማይሸጥ ሁላችንም እናውቃለን። ደላላው ግን መፍትሔ አለው። «በውክልና ትይዘዋለህ፤ ጊዜው ሲደርስ ስም ታዛውራለህ።» ሙሉ ዋጋ ከፍላችሁ በእጃችሁ የሚቀረው የውክልና ወረቀት ነው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። የሞተ እንደሆነም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። ያኔ የምትነጋገሩት ከሻጩ ጋር አይደለም፣ ከወራሾቹ ጋር ነው። ወራሾቹ ደግሞ አያውቋችሁም፤ ካርታው ላይ ያለው የአባታቸው ስም ነው። በዚህ ዓይነት ቤት ላይ ባንክ ብድር የማይሰጠው ተንኮለኛ ስለሆነ አይደለም። የእናንተ ያልሆነ ቤት በእናንተ ዕዳ መያዣ ሊሆን ስለማይችል ነው። ባንኩ «አይሆንም» ሲል ትልቅ ምክር በነፃ እየሰጣችሁ ነው፤ አስጨራሽ ፍለጋ ከመሄድ ቁጭ ብሎ መስማት ይሻላል።

የትዳር ጓደኛ ፊርማም አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይደነግጋል። «ሚስቱ አረብ አገር ናት፣ እሱ ይበቃል» ሲሏችሁ አይበቃም። የቤት ሽያጭ ውልም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሕግ ፊት እንዲጸናላችሁ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርማችሁ አስመዝግቡት። ሻይ ቤት በሦስት ምስክር የተፈረመ ወረቀት ይዞ ቤት ገዛሁ ማለት ራስን ማታለል ነው።

አሁን የተቃዋሚዎቼን ነገር ልስማ።

«ጊዜ የለኝም፤ ሥራ ላይ ነኝ፤ ለዚህ ነው ሰው የምቀጥረው» የሚሉ አሉ። ይህ ሚዛን የሚደፋ ምክንያት ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ጊዜያችሁን የሚተካ ሰው ቅጠሩ፣ ግን ትክክለኛውን ሰው ቅጠሩ። ጠበቃ ቅጠሩ። ጠበቃ ፈቃድ አለው፣ ጥፋት ሲሠራ የሚከሰስበት ቦታ አለ፣ ውሉ ባይፈረምም የሚከፈለውን ይከፈላል። ስለዚህ «ይህን ቤት ተወው» ለማለት አይቸገርም። ዋጋውን በቁርጥ ተነጋገሩ፣ በመቶኛ አይሁን። ባንክ ለመሄድ ደግሞ አንድ የዓመት ፈቃድ ቀን ይበቃል። ለሠርግ ሦስት ቀን ፈቃድ እንወስድ የለ እንዴ? ለ15 ዓመት ዕዳ አንድ ቀን ይከብዳል?

«ባንኮቹ ራሳቸው ያመላልሳሉ፤ ያለ ሰው አይሠሩም» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ነኝ። ብድር አስጨራሹን የፈጠረው የባንኩ ዝምታ ነው። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ብድር እንደ ስኳር ወረፋ ሆነ። በኋላ ጣሪያው ከፍ እየተደረገ ቢመጣም ወረፋው ያስለመደን «ሰው ፈልግ» የሚል ጠባይ አልሄደም። ወረፋ ባለበት ሁሉ ወረፋ ሻጭ ይበቅላል። ስለዚህ ባንኮቻችንን የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። የቤት ብድር ወለዳችሁን፣ የምትጠይቁትን ሰነድ ዝርዝርና ለመልስ የሚፈጀውን ቀን በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጥፉ። አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ይህ ወረቀት በተለጠፈ ማግስት ብድር አስጨራሹ ሥራ ይፈታል። ካልለጠፋችሁ ግን «ከእኛ ጋር ግንኙነት የላቸውም» ብላችሁ ማስታወቂያ ብታወጡ ማን ያምናችኋል?

ለቤት ብድር ብሎ የተቋቋመ ባንክ ነበረን እኮ። የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ይባል ነበር፤ ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ሆነ፣ በ2008 ዓ.ም. ከንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። ዛሬ ደግሞ ጎህ ቤቶች ባንክን የመሰለ በቤት ብድር ላይ ያተኮረ ባንክ አለ። ሌሎቹም የቤት ብድር ይሰጣሉ። ከወለድ ነፃ የሚፈልግ ሰውም የሚጠይቅበት መስኮት አለው። በሩን የምናንኳኳው ራሳችን እንሁን ነው የምለው።

«ደላላም ልጅ ያሳድጋል፤ እንጀራ አትዝጋ» የሚለኝ ደግሞ አይጠፋም። ልጁን ያሳድግ። ቤት ባሳየበት ያሳድግ። ይልቅ ቤት ለማሳየት የሚከፈለውን ከመጀመሪያው ተነጋግራችሁ በወረቀት አድርጉት። ቤት ፈልጎ የደከመ ሰው መጨረሻ ላይ ሲካድ እኔም አልወድም፤ ገዢና ሻጭ ተስማምተው ደላላውን ዘለው የሚፈራረሙ ጨዋ ነን ባዮችም ሞልተዋል። እነሱንም እወቅሳለሁ። የሠራበትን መንፈግ ነውር ነው፤ ባልሠራበት መክፈል ደግሞ ሞኝነት ነው።

ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ ቅደም ተከተሉን ላስቀምጥ። ቤት ከማየታችሁ በፊት ባንክ ሂዱ፤ በገቢያችሁ ስንት ብድር እንደሚፈቀድላችሁ እወቁ። ቢያንስ ሦስት ባንክ ጠይቁ፣ ወለዱንና ወርሃዊ ክፍያውን በወረቀት ጻፉ። ከዚያ ደላላውን ጥሩት፣ ቤት ያሳያችሁ። የወደዳችሁትን ስታገኙ ካርታው ላይ ያለው ስምና የሻጩ መታወቂያ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነፃ መሆኑን ሻጩ በክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ቢሮ በኩል እንዲያረጋግጥላችሁ አድርጉ፤ የደላላ ቃል ማረጋገጫ አይደለም። የቀብድ ውሉ ላይ ያችን ዓረፍተ ነገር አስጽፉ። ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ያንብበው። ትክክለኛውን ዋጋ ጻፉ። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ፈርሙ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ስንት አወጣችሁ? የጠበቃና የአገልግሎት ክፍያ። ለአስጨራሹ ልትሰጡ ከነበረው ብዙውን ጊዜ ያነሰ ነው።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላል የአገራችን ሰው። ቤት ግን ሲፈስ አይለቀምም። እናትና አባታችን በኪራይ ቤት እየዞሩ ያሳደጉን ብዙዎች ነን፤ «የራሴ በር» የሚለው ቃል እንዴት ሆድ እንደሚያባባ አውቃለሁ። ብድር አስጨራሹም ያውቃል። የሚሸጥላችሁ ያንን ጉጉታችሁን ነው፣ ብድሩ ቀድሞም የባንኩ ነበር።

ቤት ሊገዛ የተነሣ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ዛሬውኑ ላኩለት፤ ቀብድ ከጣለ በኋላ ቢደርሰው አይጠቅመውም። ባንክ ውስጥ የምትሠሩ ተማሪዎቼ ደግሞ የየባንካችሁን የቤት ብድር መስፈርትና የወቅቱን ወለድ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የምትጽፉት እያንዳንዱ መስመር የአንድ ሰው 40 ሺህ ብር ያድናል።